የዓባይ ደለልና የሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ

«ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት ያልሰማ ተማሪ አይኖርም። ተረቱ የሚነገረው የሚያርፍበት ቤት ሳይኖረው ጓዝ ለሚያበዛ ሰው ነው። ነገሩ በምድር ጥናት ዓይን ሲታይ ግን ዓባይ ማደሪያ ነበረው። ወንዙ ከግንዱ ይልቅ አብዝቶ የሚሸከመው አፈር ነው፤ ያም አፈር ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲጓዝ ኖሮ የሚያርፈው በሰሜን ግብፅ፣ የሜዲትራንያን ባሕር በሚጀምርበት ስፍራ ነበር። በዚህ ምንባብ የምንመለከተው ያ አፈር በባሕሩ ዳርቻ ለሚኖሩ ፍጥረታት ምን ይጠቅማቸው እንደ ነበር፣ እንዳይደርስ በታገደ ጊዜ ምን እንደ ደረሰባቸው፣ ዛሬ ደግሞ በባሕሩ መሞቅ ምክንያት ምን እየደረሰባቸው እንደ ሆነ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የባሕር ዳርቻ ሥነ ምህዳር ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። ሥነ ምህዳር ማለት በአንድ ስፍራ የሚኖሩ ዕፀዋትና እንስሳት፣ እንዲሁም ውኃው፣ አፈሩ፣ ብርሃኑና ሙቀቱ እርስ በርሳቸው ተሳስረው የሚገኙበት ሥርዓት ነው። በየብስ ላይ የዚህ ሥርዓት መሠረት ሣርና ቅጠል ነው፤ በሬ ሣሩን ይበላል፣ አንበሳ በሬውን ይበላል። በባሕር ውስጥ የሣሩን ቦታ የያዙት ፋይቶፕላንክተን የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ዕፀዋት ናቸው። እነዚህም እንደ ማንኛውም አዝርዕት የፀሐይ ብርሃንና ማዳበሪያ ይሻሉ። ብርሃኑ የሚገኘው በባሕሩ የላይኛው ክፍል ብቻ ነው። ማዳበሪያው፣ ማለትም ናይትሮጂን፣ ፎስፎረስና ሲሊካ የመሳሰለው ንጥረ ምግብ፣ ከሞቱ ፍጥረታት ጋር ወደ ጨለማው ወለል እየሰመጠ ይቀራል። እንግዲህ ብርሃን ባለበት ምግብ ይጎድላል፤ ምግብ ባለበትም ብርሃን የለም። ሁለቱ ተገናኝተው የሚገኙት በአብዛኛው ውኃው ጥልቅ ባልሆነበትና ወንዞች ከየብስ አዲስ ምግብ በሚያመጡበት በዳርቻው አካባቢ ነው። ከዓለም የባሕር ዓሣ የሚበዛው እጅ የሚጠመደው በዳርቻዎች አቅራቢያ የሆነውም ስለዚህ ነው።

የምሥራቁ ሜዲትራንያን ከዓለም ባሕሮች እጅግ ድኻ ከሚባሉት አንዱ ነው። በጊብራልታር ጠባብ በር ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚገባው ውኃ ንጥረ ምግብ የጎደለው የላይኛው ውኃ ሲሆን፣ በዚያው በር ከሥር የሚወጣው ደግሞ ምግብ ያዘለው ጥልቁ ውኃ ነው። ባሕሩ መናኛውን ተቀብሎ ደኅናውን ይሰጣል ማለት ነው። ጎብኚዎች የሚያደንቁት ጥርት ያለው ሰማያዊ ቀለሙም የዚሁ ድኽነት ምልክት ነው፤ ውኃው የጠራው በውስጡ የሚኖረው ሕይወት ጥቂት በመሆኑ ነው። እንዲህ ባለ የተራበ ባሕር ውስጥ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ድግስ ይደገስ ነበር። ድግሱን የሚልከውም የኢትዮጵያ ክረምት ነው።

በሰኔና በሐምሌ በደጋው ላይ ዝናብ ሲወርድ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋና ከወለጋ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ የታረሰውንና ገና ቡቃያ ያልሸፈነውን አፈር እየጠረገ ወደ ዓባይና ወደ ተከዜ ይገባል። ከነጭ ዓባይ የሚመጣው ውኃ በሐይቆችና በረግረጎች ውስጥ ስለሚያልፍ አብዛኛውን ደለሉን በዚያው ያራግፋል። ስለዚህ ወደ ግብፅ ይወርድ ከነበረው ደለል ከመቶ ዘጠናው እጅ በላይ የኢትዮጵያ ደጋ አፈር ነበር፤ መጠኑም በዓመት በአማካይ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ይሆናል። ከዚህ ከፊሉ በግብፅ እርሻ ላይ ሲቀር፣ የቀረው በነሐሴና በመስከረም ባሕሩ ዘንድ ይደርሳል። በዚያን ጊዜ ሰማያዊው ባሕር በዴልታው ፊት ለፊት ቡናማ ይሆናል። ቀላሉ የጎርፍ ውኃ በከባዱ ጨዋማ ውኃ ላይ ተንሳፎ፣ የባሕሩን ሞገድ ተከትሎ ወደ ምሥራቅ እየታጠፈ እስከ ሊባኖስ ጠረፍ ይጓዝ ነበር።

ደቃቆቹ የባሕር ዕፀዋት ይህን ምግብ ሲያገኙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይራባሉ። ከእነርሱም መካከል እንደ መስተዋት ያለ የሲሊካ ቅርፊት ያላቸው ዳያተም የሚባሉት በተለይ ይበዙ ነበር። እነርሱን የሚበሉ ጥቃቅን እንስሳት ይከተላሉ፤ ከእነዚያም በኋላ ሰርዲን የሚባለው ዓሣ መንጋ በመንጋ ሆኖ ወደ ዴልታው ይመጣል። በራሺድና በዲሚያጥ የወንዝ አፎች የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን የሚያሰናዱት ይህን ወራት ጠብቀው ነበር። የደጋው ገበሬ አረም በሚያርምበት ወቅት፣ ከእርሻው የታጠበው አፈር ሌላውን ሰው ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይመግበው ነበር ማለት ነው። ይህን ስንል የአፈሩን መታጠብ ማወደሳችን አይደለም፤ የዚያኛው ትርፍ የዚህኛው ኪሳራ እንደ ነበር የታወቀ ነው።

በ1960 ግብፅ በአስዋን ታላቅ ግድብ መሥራት ጀመረች። በ1902 የተጠናቀቀው የቀድሞው የአስዋን ግድብ አነስተኛ ስለ ነበር ደለል የያዘውን የጎርፍ ውኃ በበሮቹ ያሳልፍ ነበር። አዲሱ ግን 111 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከኋላው እስከ ሱዳን ድረስ 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሐይቅ የሚያጠራቅም ነው። ውኃው በ1964 ተገደበ፤ ሥራው በ1970 ተፈጸመ። የግድቡን ጥቅም መካድ አይቻልም። ኤሌክትሪክ ሰጥቷል፤ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ለማምረት አስችሏል፤ በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ ዝናብ በጠፋ ጊዜም የግብፅን ሕዝብ ከጥማትና ከረኀብ ጠብቋል። ይሁን እንጂ ጎርፉ ወደ ሐይቁ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስም የተሸከመውን አፈር ማስቀመጥ ግድ ይሆንበታል። ከግድቡ በታች የሚወርደው ውኃ ጥሩ የሚመስል፣ የጠራ ውኃ ሆነ። አብዛኛውም ለመስኖ ስለሚውል ወደ ባሕሩ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ከ1964 በኋላ ቡናማው ውኃ በባሕሩ ላይ አልታየም። ሰርዲኑም አልመጣም። በ1962 በግብፅ የሜዲትራንያን ዳርቻ የተጠመደው ሰርዲን 18,000 ቶን ያህል ነበር፤ በ1968 የተገኘው ግን ከ500 ቶን ያነሰ ነው። በዳርቻው የሚያዘው ሽሪምፕ የሚባለው የባሕር እንስሳም እንዲሁ አሽቆለቆለ። በስድስት ዓመት ውስጥ የአንድ ሀገር ዓሣ ማጥመድ እንዲህ የወደቀው፣ መረብ ስለ በዛ ወይም ባሕሩ በመርዝ ስለ ተበከለ አይደለም። በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በበረሃ መካከል የተሠራ ግድብ የዳርቻውን ማዕድ ከሥሩ ስላነሣው ነው። ባሕርን የሚጎዳው በባሕር ላይ የሚሠራው ሥራ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ይህን ምሳሌ በጥሞና ሊመለከተው ይገባል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለማስረዳት ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽና ማብቂያ ላይ፣ ማንም ያልጠበቀው ነገር ታየ፤ የዓሣው ምርት እንደ ገና እያደገ ሄደ፤ ውሎ አድሮም ከግድቡ በፊት ከነበረው በልጦ ተገኘ። ምክንያቱ ምንድን ነው? ባለ ሞተር ጀልባዎች መብዛታቸው አንዱ ምክንያት ነው። ነገር ግን በሌለ ዓሣ ላይ ጀልባ ቢበዛ ምርት አይጨምርም። ተመራማሪዎች መልሱን ያገኙት በከተሞች ፍሳሽና በእርሻ ማዳበሪያ ውስጥ ነው። ደለሉ ከእርሻ በመቅረቱ ገበሬው የፋብሪካ ማዳበሪያ አብዝቶ መበተን ነበረበት፤ ሰብሉ ያልተጠቀመበት ማዳበሪያ ከመስኖው ውኃ ጋር ታጥቦ በቦዮች ወደ ባሕሩ ይወርዳል። የሕዝቡም ቁጥር አደገ፤ ግድቡ ሲጀመር 30 ሚሊዮን ያልሞላው የግብፅ ሕዝብ በ2020 100 ሚሊዮን ደርሷል። ካይሮና እስክንድርያ የፍሳሽ ማስወገጃ ቦይ ሲዘረጋላቸው የዚያ ሁሉ ሕዝብ ቆሻሻ ወደ ዳርቻው ይጎርፍ ጀመር። በውስጡም ናይትሮጂንና ፎስፎረስ በብዛት ይገኛል። ሳይንቲስቶች በዓሣው ሥጋ ውስጥ ያለውን የናይትሮጂን ዓይነት መርምረው፣ አብዛኛው ከማዳበሪያና ከፍሳሽ የመጣ መሆኑን አረጋግጠዋል። የኢትዮጵያን አፈር የካይሮ ቆሻሻ ተካው ማለት ነው።

ታዲያ ባሕሩ ከተመገበ ምን ቀረበት? ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን በዴልታው ጠርዝ በሚገኙት ሐይቆች ይታያል። መንዛላ፣ ቡሩሉስ፣ ኢድኩና ማርዩት የሚባሉት እነዚህ ጥልቀት የሌላቸው ሐይቆች የብዙ ዓሣ ጫጩቶች የሚያድጉባቸው፣ ከአውሮፓ የሚሰደዱ ወፎችም የሚያርፉባቸው ናቸው። ጎርፉ ምግብ ያመጣ የነበረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በብዙ ውኃ ተበርዞ ነው። ፍሳሹ ግን ዓመቱን ሙሉ፣ ሌሊትና ቀን፣ ከፋብሪካ መርዝና ከበሽታ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። ደቃቆቹ ዕፀዋት ከመጠን በላይ ሲራቡ ሁሉም ሊበሉ አይችሉም፤ ሞተው ወደ ወለሉ ይወርዳሉ። የሚያበሰብሷቸው ባክቴሪያዎች ደግሞ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጂን ይጨርሱታል። በዚያን ጊዜ መሸሽ የሚችለው ዓሣ ይሸሻል፤ ሊሸሽ የማይችለው በቦታው ይሞታል። ለብዙ ዓመታት የእስክንድርያን ቆሻሻ የተቀበለው የማርዩት ሐይቅ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ይሸተት የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለ መንዛላ ደግሞ አንድ ደኅና ዜና አለ፤ በባሕር አል ባቀር ቦይ ወደዚያ ይወርድ የነበረውን ፍሳሽ የሚያጣራ እጅግ ትልቅ ተቋም በ2021 ተመርቋል።

ደለሉ ሌላም ሥራ ነበረው። ዴልታው ራሱ ከዚሁ አፈር የተሠራ ነው። በክረምታቸው ከሰሜን ምዕራብ የሚነሣው ነፋስ ማዕበሉን እያንቀሳቀሰ የዳርቻውን አሸዋ ወደ ምሥራቅ ይጠርገዋል፤ የዓባይ ጎርፍ በበኩሉ በየዓመቱ አዲስ አፈር እያመጣ የተወሰደውን ይተካ ነበር። ገቢው ሲቋረጥ ወጪው ግን አልቆመም። በራሺድ የወንዝ አፍ ባሕሩ በክፉዎቹ ዓመታት በዓመት እስከ 100 ሜትር ያህል ወደ የብስ ገብቷል። በ1990 አካባቢ ግብፅ በዚያ ከድንጋይና ከኮንክሪት መከላከያ ግንብ ሠራች። ግንቡ ከኋላው ያለውን መሬት ጠበቀ፤ ነገር ግን ማዕበሉ ግንቡ ካለቀበት ጀምሮ መሸርሸሩን ቀጠለ። አሸዋ ማግኘት ያልቻለ ባሕር ከዚህ ቢከለከል ከዚያ መውሰዱ አይቀርም።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ የሰው እጅ በቀጥታ የሠራው ነው። የአየር ንብረት ለውጥ የሚመጣው በዚህ በተዳከመ ዳርቻ ላይ ነው። ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ሲቃጠሉ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምድርን ሙቀት እንዳያመልጥ ይይዘዋል። ከተያዘውም ትርፍ ሙቀት ከመቶ ዘጠናው እጅ የሚሆነው የሚገባው በባሕር ውስጥ ነው። ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ በተራሮችና በዋልታዎች ያለው በረዶም ቀልጦ ይጨመርበታል። በእነዚህ በሁለቱ ምክንያቶች የዓለም ባሕር ከ1900 ወዲህ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ ፍጥነቱም እየጨመረ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ለተራራ አገር ልጅ ምንም ሊመስለው አይችልም። የዴልታው ሰሜናዊ ጠርዝ ግን አብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከአንድ ሜትር አይበልጥም። ከዚህም በላይ ለስላሳው አፈር በራሱ ክብደት እየታመቀ ዝቅ ይላል፤ በፖርት ሰኢድ አካባቢ መስመጡ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ቀድሞ ደለሉ በየዓመቱ ከላይ እየተነጠፈ ይህን ያካክስ ነበር። አሁን መሬቱ ይወርዳል፤ ባሕሩ ይወጣል። ጨዋማው ውኃ ከምድር በታች ሠርጎ ወደ እርሻ ስለሚገባ፣ በዳርቻው የሚኖሩ ገበሬዎች በመኪና አሸዋ አስመጥተው ማሳቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ጨውን በብዙ ውኃ ለማጠብም ሩዝ ይዘራሉ።

የሜዲትራንያን ውኃ ሙቀት ከ1980ዎቹ ወዲህ ከአንድ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ጨምሯል፤ ይህም ከውቅያኖሶች አማካይ ይፈጥናል። ሙቅ ውኃ ኦክስጂን የመያዝ ዐቅሙ ያነሰ ነው። ከዚህም ሌላ ቀላል ስለሚሆን በላይ ተንሳፎ እንደ ክዳን ይቀመጣል፤ ምግብ ያዘለው የታችኛው ውኃም ወደ ብርሃን እንዳይወጣ ያግደዋል።

እዚህ ላይ ስለ ስዊዝ ቦይ መናገር ይገባል። ቦዩ በ1869 ሲከፈት ከቀይ ባሕር ወደ ሜዲትራንያን የሚያልፈው መርከብ ብቻ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ባሕር ግን በር ሲከፈትለት እንግዳ አይመርጥም። መጀመሪያ ሁለት አጥሮች ነበሩ። አንደኛው ቦዩ በመራራ ሐይቆች ውስጥ ሲያልፍ በወለላቸው ያለው የጨው ክምችት ውኃውን እጅግ ጨዋማ ማድረጉ ነው፤ ጨው ግን በጊዜ ብዛት ሟሟ። ሁለተኛው አጥር የዓባይ ጎርፍ ነበር። በየዓመቱ በፖርት ሰኢድ ፊት የሚዘረጋው ጨው የለሽ ውኃ ከቀይ ባሕር የሚመጡትን ያግዳቸው ነበር፤ ይህም በ1964 ተነሣ። ሦስተኛ አጥር ቢኖር የሜዲትራንያን ክረምት ቅዝቃዜ ነበር፤ እርሱንም ሙቀቱ እያፈረሰው ነው። እስከ ዛሬ በቦዩ በኩል የገቡት የእንስሳትና የዕፀዋት ዓይነቶች ከ400 በላይ ናቸው።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለገበያ የሚውሉ ጥሩ ዓሦች ናቸው። ሌሎቹ ግን ችግር አምጥተዋል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የታየው አንድ ዓይነት ጄሊፊሽ፣ አጥንት የሌለውና ዝልግልግ የሆነ ተናዳፊ እንስሳ፣ በበጋ በብዙ ሺህ እየተሰበሰበ መረብ ይሞላል፤ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ለማቀዝቀዣ ውኃ የሚስቡበትንም ቧንቧ ይደፍናል። በ2003 ለመጀመሪያ ጊዜ በቱርክ ዳርቻ የተገኘው የሚነፋው ዓሣ በሥጋው ውስጥ ብርቱ መርዝ ስላለው የበላው ሰው ሊሞት ይችላል፤ በጠንካራ ጥርሱም መረብ ይቆርጣል። ቅጠል በል የሆኑት የቀይ ባሕር ዓሦች በበኩላቸው በዐለት ላይ የሚበቅለውን የባሕር አረም ጨርሰው ድንጋዩን ራቁቱን አስቀርተዋል፤ አረሙ ደግሞ የሌሎች ዓሦች ጫጩት መሸሸጊያ ነበር። በእስራኤል ዳርቻ የተደረገና በ2021 የታተመ ጥናት፣ በጥልቀት ዝቅተኛ በሆነው ውኃ ቀድሞ ይታወቁ ከነበሩት የቀንድ አውጣና የዛጎል ዓይነቶች በሕይወት የተገኙት ከአሥር አንዱ ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ለዚህም ዋናው ምክንያት የውኃው መሞቅ እንደ ሆነ ጸሐፊዎቹ ይገምታሉ።

ከዚህ በኋላ ወደ ደጋው እንመለስ። ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር በር የላትም፤ ይህን የሚያነበው ተማሪም ባሕር አይቶ አያውቅ ይሆናል። አፈሩ ግን እስከ 1964 ባሕሩን ያውቀው ነበር። ዛሬም ቢሆን ክረምት በገባ ቁጥር ከታረሰው ተዳፋት እየታጠበ መውረዱን አላቋረጠም። በ2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከዚህ ደለል ብዙውን ገና ከድንበር ሳይወጣ ያስቀረዋል፤ በባሕሩ ዳርቻ በኩል ግን ይህ የሚለውጠው ጥቂት ነው፤ ደለሉ ወደዚያ መድረሱ ያበቃው ከስድሳ ዓመት በፊት ነውና። እስከ ቅርብ ጊዜ የወረደው አፈር የት እንዳለ ግን ይታወቃል። ከአስዋን ግድብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ፣ ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ከውኃው በታች ተከማችቷል። ሐይቁ ሲጎድል ጫፉ ብቅ ይላል፤ ሣርም ይበቅልበታል።